በዝናብ ቀን ልጆችን የት ልውሰዳቸው?

ሰላም ለእናንተ። አራት ኪሎ ከገባን ዓመት ሊሞላን ነው። ከዳር ስለመጣን በጋውን እንደ ጉድ ተዝናናንበት። መስከረም 16 ደመራውን መስቀል አደባባይ አየን። ጥር 11 ጃን ሜዳ በእግራችን ደረስን፤ ትንሹ ልጄ ጸበሉ ሲረጭ አፉን ከፍቶ ይጠብቅ ነበር፣ ነጭ ልብሱ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ተመለሰ።

ሐምሌ ሲገባ ግን ተያዝን። ልጆቹ መስኮቱ ላይ ተለጥፈው ይውላሉ። መስታወቱን በትንፋሻቸው እያደበዘዙ በጣታቸው ይስሉበታል፤ እኔ እወለውላለሁ፣ እነሱ ይስላሉ። ብሔራዊ ሙዚየም ሁለቴ ወሰድኳቸው። በሦስተኛው ትንሹ «ድንቅነሽ አሁንም እዚያው ናት?» ብሎ እምቢ አለ። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለትልቋ ገነት ነው፤ የ4 ዓመቱ ግን ዝም ማለት አልፈጠረበትም። አንድነት ፓርክ ገብተን ደግሞ ዶፉ አንበሶቹ ጋ ሳንደርስ መለሰን። ጃንጥላችንም እዚያው ተሰበረ።

እናቴም አብራን ናት፤ ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃ አይሆናትም። ጣሪያ ያለው፣ ልጅ ቢጮህ የማይቆጡበት፣ በአንድ ታክሲ የሚደረስ፣ ኪስ የማይጎዳ ቦታ የምታውቁ ጠቁሙኝ። እናንተስ ክረምቱን እንዴት ነው የምትገፉት? ጠዋት ወጥቶ ከሰዓት በፊት መመለስ ያዋጣል?