ሁለት ዓመት ተኩል የሞላው የጓሮ ሙዝ ዘለላ ያላወጣው ለምንድን ነው?

ጠያቂ (አዲስ አበባ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት ዘመድ ከአርባ ምንጭ ያመጣልንን አንድ የሙዝ ችግኝ ከግቢያችን አጥር ጥግ ተክዬ ነበር። ተክሉ ጸድቆ ቁመቱ ከእኔ በልጧል፤ በዙሪያው ያወጣቸው ልጆችም ስቆጥራቸው ዘጠኝ ደርሰዋል። ይሁን እንጂ እስከ ዛሬ አንድም ዘለላ አላየንም። በበጋ በሳምንት ሁለት ጊዜ ውኃ አጠጣዋለሁ፤ ፍግም አልነፈግሁትም። እናቴ ለበዓል ድፎ ዳቦ ስትጋግር ኮባ ከገበያ ከመግዛት ብላ ትልልቁን ቅጠል ከእርሱ ትቆርጣለች፤ ለእንቁጣጣሽ አምስት፣ ለገና ደግሞ አራት ቅጠል ተቆርጦለታል። ጎረቤቶቼ «ደጋ ላይ ሙዝ አያፈራም፤ ንቀይው» ይሉኛል፤ እኔ ግን አሳድጌው ልነቅለው አንጀቴ አልቻለም። ችግሩ የአየሩ ነው ወይስ የእኔ አያያዝ?

የሙዝ አምራች (አርባ ምንጭ)፦

እህቴ፣ እባክዎ አይንቀሉት። አንድ የሙዝ ግንድ አበባ የሚያወጣው ከሠላሳ እስከ አርባ የሚደርሱ ቅጠሎችን አውጥቶ ሲጨርስ ነው። እኛ ዘንድ ሙቀቱ ስለሚረዳው በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን አንድ ተጠቅልሎ የሚወጣ አዲስ ቅጠል እናያለን፤ ስለዚህም በዓመት ገደማ አበባው ብቅ ይላል። ሙቀቱ ከ16 ዲግሪ በታች ሲወርድ ግን አዲስ ቅጠል ማውጣቱን ያቆማል ማለት ይቻላል፤ የእናንተ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ከዚያም በታች ስለሚወርድ፣ አንዷን ቅጠል ለመዘርጋት ወር ቢፈጅበት አያስደንቅም። ስለዚህ ተክሉ ዘገየ እንጂ መካን አይደለም።

ይበልጥ የጎዳው የቅጠሉ መቆረጥ ይመስለኛል። ግንድ የምንለው ራሱ የቅጠሎቹ እግር ተደራርቦ የሠራው ነው፤ ዘለላውን የሚመግበውም ቅጠሉ ነው። አበባው አንዴ ከወጣ በኋላ አዲስ ቅጠል ስለማይጨመር፣ በዚያን ጊዜ ቢያንስ ስምንት ያህል ጤነኛ ቅጠል ካልቀረለት ፍሬው ሳይሞላ ይቀራል። በነፋስ የተተረተረውንም ቢሆን አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ አይንኩት፤ የደረቀውን ብቻ ያንሡ። ዘለላው በተቆረጠ ቀን ግንዱ ዳግመኛ ስለማያፈራ፣ ያን ጊዜ ቅጠሉ ሁሉ ለእናትዎ ዳቦ ይሁን።

ዘጠኙ ልጆች የእናታቸውን ምግብ ይሻማሉ። እናቲቱን፣ አንድ ተለቅ ያለ ልጅና አንድ ትንሽ ብቻ ይተዉ። የሚተዉት ሥሩ ወፍሮ ቅጠሉ እንደ ጎራዴ የጠበበውን ነው፤ ገና በትንሽነቱ ሰፊ ቅጠል የዘረጋው ከእናቱ ጋር ያለው ትስስር ደካማ ስለሆነ ብርቱ ተክል አይወጣውም። የቀሩትን ከመሬት እኩል ቆርጠው መሐሉን በቢላዋ ጫፍ ካልፈለፈሉት በሳምንቱ መልሶ ይበቅላል።

የጓሮ አትክልት ወዳድ (አዲስ አበባ)፦

እኔ በዚሁ ከተማ ሙዝ አፍርቼ በልቻለሁ። የእኔ ተክል የቆመው ፊቱን ወደ ደቡብ ካደረገ የድንጋይ ግድግዳ ሥር ነው፤ በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ግድግዳው ቀን የሞቀውን ሌሊት ይመልስለታል። የእርስዎ ጥግ ጥላ ከሆነ፣ አንዱን ልጅ ነቅለው እንዲህ ያለ ቦታ ቢተክሉት መልካም ነው። እግሩን በገለባና በደረቅ ቅጠል አለብሰዋለሁ፤ ፖታሲየም ስለሚወድ የእንጨት አመድም በመጠኑ እበትንለታለሁ።

አበባው የወጣው በሦስተኛው ዓመት ነበር። ወይን ጠጅ መልክ ያለው ልብ የሚመስል እምቡጥ ወደ ታች ተንጠለጠለ፤ አንዱ ሽፋን ገለጥ ሲል በሥሩ ከትንሽ ጣት የማይበልጡ ሙዞች ተሰልፈው አየሁ። ፍሬ የሚሆኑት ረድፎች ካበቁ በኋላ የቀረውን እምቡጥ ቆረጥሁት፤ ግንዱ እንዳይገነደስም ባላ ደገፍሁለት። ከአበባ እስከ መቁረጥ ሰባት ወር ፈጀብኝ። የሙዞቹ ማዕዘን ጠፍቶ ክብ ሲሆኑ ቆረጥሁ። ዘለላው ትንሽ ቢሆንም ጣዕሙ ግሩም ነበር።

የዕፀዋት ጤና ባለሙያ (ሐዋሳ)፦

የቀደሙት መልሶች ትክክል ናቸው፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር። ቅጠል የሚቆረጥበት ቢላዋ እንሰት ከተቆረጠበት ጋር አንድ ከሆነ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሙዝና እንሰት የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው፤ የእንሰት አጠውልግ በሽታም ሁለቱንም ያጠቃል። በሽታው በሀገራችን በእንሰት ላይ እ.ኤ.አ. በ1968፣ በሙዝ ላይ ደግሞ በ1974 ተመዝግቧል። ባክቴሪያው ከተክል ወደ ተክል የሚሻገርበት አንዱ ዋና መንገድ የመቁረጫ ስለት ስለሆነ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄዱ ስለቱን በእሳት ይለብልቡት ወይም በበረኪና ያጥቡት። ቅጠሉ ያለ ድርቅ ጠውልጎ ከታጠፈ፣ ግንዱም ሲቆረጥ ቢጫ ፈሳሽ ካወጣ፣ ከእርሱ የተገኘ ችግኝ ለማንም አይስጡ።

ጠያቂ (አዲስ አበባ)፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቢላዋውን እናቴ ለእንሰት ተጠቅማበት አታውቅም፤ የተቆረጠው ግንድም ንጹሕ ነው። ዛሬ ጠዋት ስድስቱን ልጆች አንሥቼ፣ አንዱን ጎራዴ ቅጠል ያለውን በኩሽናው ግድግዳ ሥር ተክዬዋለሁ። በእናቲቱ አናት ላይ አሁን አምስት ቅጠል አለ፤ እናቴም ለፋሲካ ኮባ ከገበያ እንደምትገዛ ቃል ገብታልኛለች።