የአያቴ የእስር ዘመን ፎቶ፦ ደናኔ ነው ወይስ ጣሊያን?

ጠያቂ (ጉለሌ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ሳሎን ውስጥ ከልጅነቴ ጀምሮ የተሰቀለ ፎቶ አለ። አሥራ አንድ ወንዶች በሁለት ረድፍ ተነስተዋል፣ የፊተኞቹ ቁጭ ብለዋል። አያቴ ከኋላ፣ ከግራ ሦስተኛው ናቸው። ነጠላቸው ላይ የፈረንጅ ካፖርት ደርበዋል። ከጀርባቸው ነጭ ቤትና ድንጋያማ የባሕር ዳርቻ ይታያል። ቤተሰቡ «ደናኔ (ሶማሊያ የነበረው የጣሊያን እስር ቤት) ታስረው ሳለ ነው» ይላል። ሰሞኑን ፍሬሙ ወድቆ ሲሰበር ጀርባውን አየሁት። በእርሳስ «ካላ ሬ…» ይላል፣ የቀረው ጠፍቷል። ከሥሩ «9.37» እና የሮማ ቁጥር 15 አለ። የእስረኛ ቁጥር ይሆን? ደግሞ አንዱ ጥግ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቋል። ምን ላድርግ?

መላሽ 1፦
እህቴ፣ ካላ ሬያሌ ነው የሚመስለኝ። ከሰርዲኒያ ሰሜን ምዕራብ ባለችው በአዚናራ ደሴት ላይ ያለ ወደብ ነው፣ የድሮ የኳራንቲን ጣቢያ ነበረበት። ከየካቲት 12 ቀን 1929 በኋላ 400 ያህል መኳንንትና የተማሩ ሰዎች ወደ ጣሊያን ሲጋዙ፣ ብዙዎቹ አዚናራ ገብተዋል። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ሮማነወርቅም ከልጆቻቸው ጋር እዚያ ነበሩ። በኋላ በ1940 እ.ኤ.አ. ቶሪኖ ውስጥ አረፉ።

15 የእስረኛ ቁጥር አይደለም። ፋሺስቶች ሮምን ከያዙበት ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. ጀምረው የራሳቸውን ዓመት ይቆጥሩ ነበር። 15ኛው ዓመት ከጥቅምት 1936 እስከ ጥቅምት 1937 ነው። ከ«9.37» ጋር ልክ ይገጥማል። በእኛ ነሐሴ መጨረሻ 1929 ወይም መስከረም 1930 መሆኑ ነው።

መላሽ 2፦
እኔም ደናኔ አይመስለኝም። ደናኔ ከሞቃዲሾ ወደ ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያ ሙቀት ካፖርት ማን ይደርባል? እዚያ የታሰሩት ሚካኤል ተሰማ ከነጻነት በኋላ ሲመሰክሩ፣ ከ6,500 እስረኛ 3,175ቱ አልቀዋል ብለዋል። እኛ ቤትም የጣሊያን እስር ሁሉ «ደናኔ» ነው የሚባለው፣ ስለዚህ በቤተሰብሽ አልፈርድም።

መላሽ 3 (ፎቶ ቤት ያለኝ)፦
እባክሽ እንዳትስቢው! ምስሉ ተልጦ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ውሃም አታስነኪው። ከነመስታወቱ ስካነር ላይ አስቀምጪና በ600 ዲ.ፒ.አይ. ጥራት አንሺው፣ ጀርባውንም ጭምር። ስካነር ከሌለሽ ከመስኮት አጠገብ፣ ፍላሽ አጥፍተሽ በስልክ አንሺው። ላሚኔት አይደረግም፣ ፕላስተርም አይለጠፍበትም። ስንቱን ጉድ አይቻለሁ መሰለሽ።

ከዚያ አንድ ኮፒ አሳትሚና በየሰዉ ራስ ላይ ቁጥር ጻፊ። ለእናትሽና ለዘመድ ሁሉ እያሳየሽ ስም ሙዪ። ስም መጠየቁ ግን ስካኑን እንኳን አይጠብቅም፣ ዛሬውኑ ጀምሪው።

መላሽ 4 (ሮም)፦
ሁለት ነገር ልጨምር። የኢስቲቱቶ ሉቼን (የጣሊያን መንግሥት የፊልምና የፎቶ ድርጅት) የፎቶ ማኅደር ኢንተርኔት ላይ በነጻ መፈለግ ይቻላል። የጣሊያን የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ወረቀቶች ደግሞ እዚህ ሮም፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ የታሪክ ማኅደር ውስጥ ናቸው። ለማስፈለግ የአያትሽን ስም ከነአባታቸውና ከነማዕረጋቸው ያዢ፣ ጣሊያኖቹ አጻጻፉን ያበላሹታልና ሁለት ሦስት ዓይነት አድርጊው። አዲስ አበባ ከሆንሽ ግን መጀመሪያ ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሂጂ። ቤቱ ራሱ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረበት ቤተ መንግሥት ነው።

ደግሞ ካፖርት ለብሰው ተሰልፈው ስላየሻቸው ተመችቷቸው ነበር ማለት አይደለም። ካሜራው በአሳሪው እጅ ነበር።

ጠያቂ፦
ኑሩልኝ! ስካኑ ከነመስታወቱ ተሳክቷል፣ ጀርባው ላይ በስክሪን ሲጎላ ከ«ሬ» ቀጥሎ የ«ያ» ጅራት የመሰለ ነገር ይታያል። እናቴ አራት ሰው በስም ለየችልኝ። ቁጥር 7 ላይ ግን ከአክስቴ ጋር አልተስማሙም፤ እስካሁን ስልክ ላይ እየተከራከሩ ነው።