ፍቅረኛሞች ሲጣሉ ያየ ተማሪ ለምን ዝም ይላል?

ጥያቄ፦
ለዶርም ተወካዮች የሁለት ሰዓት ሥልጠና እያዘጋጀሁ ነው። በፍቅረኛሞች መካከል ጥቃት ሲፈጸም ያየ ሰው ለምን እንደማይገላግል ማስረዳት አለብኝ። «ሰው ሲበዛ ሁሉም ሌላው ይገባበታል ብሎ ይተወዋል» የሚለው ይበቃል?

መልስ 1፦
አይበቃም። ያ ሐሳብ እ.ኤ.አ. ከ1968ቱ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ የዳርሊና የላታኔ ሙከራ የመጣ ነው። ሰው የሚጥል በሽታ ሲነሣበት በድምፅ ማስተላለፊያ ከሰሙት መካከል፣ ብቻዬን ነኝ ካሉት 85 በመቶው ለእርዳታ ተነሡ፤ ሌሎች አራት ሰዎችም እየሰሙ ነው ብለው ካመኑት ግን 31 በመቶው ብቻ። ለእርስዎ ርዕስ ይበልጥ የሚቀርበው የተመራማሪዎቹ የሾትላንድና የስትሮው የ1976 (እ.ኤ.አ.) ሙከራ ነው። ወንድ ተዋናይ ሴቷን ሲታገላት «አላውቅህም!» ብላ ስትጮህ ካዩት 65 በመቶው ሊገላግሉ ገቡ፤ «ለምን እንዳገባሁህ እንጃ!» ስትል 19 በመቶው። ትግሉ ያው ነው። የተለወጠው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ስለዚህ ሰው «የሁለቱ ጉዳይ ነው» ብሎ እንደሚተወው በማስረዳት ይጀምሩ።

መልስ 2፦
የጓደኛ ተጽዕኖም አለ። እያንዳንዱ በልቡ እየተቆጣ የሌሎቹን ዝምታ ሲያይ «እነሱ ምንም አልመሰላቸውም» ይላል። ይህን ለማሳየት ስም የሌለበት ወረቀት ያድሉ፤ ሁለት ጥያቄ፣ በምልክት ብቻ የሚመለስ (የእጅ ጽሑፍ ያጋልጣል)። «ወንዱ የፍቅረኛውን ስልክ ነጥቆ ቢፈትሽ ቅር ይልሃል?» «አብዛኛው ሰው ቅር የሚለው ይመስልሃል?» ውጤቱን ጮክ ብለው ከማንበብዎ በፊት ግን ለብቻዎ ይቁጠሩ። አብዛኛው «ቅር አይለኝም» ካለ ማንበቡ ጥፋት ነው፤ ድርጊቱን የተለመደ ያስመስለዋል።

መልስ 3፦
በተግባሩ በኩል፦ አጥቂውን በጓደኞቹ ፊት «ተው!» ማለት ያዋርደዋል፣ ንዴቱንም በኋላ በር ዘግቶ ፍቅረኛው ላይ ሊወጣው ይችላል። «ቻርጀር አለሽ?» ብሎ እሷን ማናገር ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ ጠቡን ያቋርጠዋል፣ ማንም አልተነካም። በማግስቱ ለብቻዋ ያናግሯት፣ ስልኳን ሊያነብ ስለሚችል በመልእክት አይሁን። «ተለዪው» ብሎ መገፋፋትም አደገኛ ነው፤ የመለያየት ሰሞን ጥቃት የሚከፋበት ጊዜ ነውና። አንገቷን ከያዘ ግን ቻርጀር አይጠየቅም። ወዲያው ጥበቃ ወይም ፖሊስ ይጠራ። ማነቅ በኋላ ግድያ ሊመጣ እንደሚችል ከሚጠቁሙት ከባድ ምልክቶች አንዱ ነው፣ አንገቷ ላይ ምንም ባይታይም ሐኪም ይያት።

መልስ 4፦
«ሰው አይረዳም» ብለው ግን አያስተምሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት በሦስት አገር ከተሞች በካሜራ የተቀረጹ 219 የአደባባይ ጠቦችን አይቶ፣ በ91 በመቶው ቢያንስ አንድ ሰው ገላግሏል። እርግጥ ያ መንገድ ላይ ነው፤ የዶርም በር ካሜራ የለውም።

ጠያቂው፦
የወረቀቱን ሥራ መጀመሪያ ላይ አደርገዋለሁ። ቆጠራውን በእረፍት ሰዓት።