የ17 ዓመት ልጅ «እንዲድን» ወደ አዲስ አበባ ሊላክ ነው፤ ማን ጋ ይደወል?

ልጁ የሚኖረው ቶሮንቶ ነው። ወንድ እንደሚወድ ቤተሰቡ ሲያውቅ ጸበል ቦታ ከርሞ «እንዲለወጥ» ትኬት ተቆርጦለታል። ፓስፖርቱ እናቱ ጋ ነው፤ ማታ ማታ ስልኩን ይቀሙታል። እንቅልፍ አጥቷል፣ መሞትንም ያነሳል። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

በካናዳ ከጃንዋሪ 7 ቀን 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሰውን ለእንዲህ ያለ «ማስቀየሪያ» መዳረግ፣ ፈቃደኛ ነው ቢባል እንኳ፣ እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። ከ18 ዓመት በታች ያለን ነዋሪ ለዚሁ ዓላማ ከአገር ማስወጣትም ወንጀል ነው። ችግሩ፣ ይህ ሁለተኛው አንቀጽ 18 ሲሞላው አይሠራለትም፤ ልደቱ ደግሞ ደርሷል። አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ፖሊስ ጋ መሄድ ለራሱ አደጋ ነው፤ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት እዚያ ያስቀጣል።

የቤተሰብ ሐኪማቸው ወላጆቹን አነጋግረዋቸው ነበር፤ ወላጆቹ ግን ጉዞውን ጭራሽ አስቀደሙት። የንስሐ አባት እንዳይለመኑ፣ ሐሳቡን ያመጡት እሳቸው ናቸው። ልጁ ወላጆቹ እንዲታሰሩ ፈጽሞ አይፈልግም። ቶሮንቶ ባለችበት በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር የሕፃናት ጥበቃ ከ16 እና 17 ዓመት ልጆች ጋር በፈቃዳቸው ውል ገብቶ ማረፊያ እንደሚሰጥ አውቃለሁ።

በዚህ መንገድ ልጅ የረዳችሁ ካላችሁ፦ መጀመሪያ ለሕፃናት ጥበቃ ቢደውል፣ ወላጆቹ ሳይከሰሱ ጉዞውን ማስቆም ይቻላል?