«ዕዳ አይወረስም» ላላችሁን፦ ርስቱስ?

ሚዛን፦ አንጀቴ አሯል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) በ2024 የኮመንዌልዝ (አብዛኞቹ የእንግሊዝ የቀድሞ ቅኝ ግዛቶች የሆኑ አገሮች ማኅበር) መሪዎች ሳሞዋ ሲሰበሰቡ የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ስታርመር ስለ ባርነትና ቅኝ ግዛት ካሳ ማለቂያ የሌለው ወሬ ይቅርና ወደፊት እንይ የሚል ነገር ተናገሩ። እሳቸውስ ሥራቸው ነው። የእኛው ሰው «ልክ ናቸው፤ የአያት ዕዳ አይወረስም» ብሎ ሲያጨበጭብ ግን ምን ልበል?

የሂሳብ ሰው፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ስሜን ጥራ። አሁንም እላለሁ። ገዢውም ተገዢውም ሞቷል። ማን ለማን ይከፍላል? ዛሬ ለንደን አውቶቡስ የሚነዳው ሰው አባቱ ራሱ ከጃማይካ የመጣ ሊሆን ይችላል። ከደመወዙ ቆርጠን ለጃማይካ እንላክ?

ሚዛን፦ ሲቆረጥበት ኖሯል እኮ! እንግሊዝ በ1833 ባርነትን ስትሽር 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ መደበች። ለባሮቹ እንዳይመስልህ፤ ለጌቶቻቸው። መንግሥት በዓመት ከሚያወጣው 40 በመቶ ገደማ ነበር። ለዚያ የተገባው ብድር ተከፍሎ ያለቀው በ2015 ነው። በ2015! ያ የጃማይካ ልጅ ቅድመ አያቶቹን በባርነት ለያዙ ሰዎች ካሳ ግብር ሲገብር ነበር ማለት ነው። ታዲያ ዕዳ አይወረስም?

የሂሳብ ሰው፦ እሱ ባርነት ነው። የምንከራከረው ስለ ቅኝ ግዛት ነው። አታምታታ።

ቀይ ቀለም፦ ጃማይካ ሁለቱም የመጡት በአንድ ባንዲራ ሥር ነው። በየትኛው ቢላ ልትለያቸው ነው? ደግሞ «ሞቷል» ያልከው ነገር። በማው ማው፣ ኬንያ በእንግሊዝ ላይ ባመፀችበት ጊዜ፣ እስር ላይ የተሰቃዩ ኬንያውያን አርጅተውም ቢሆን ለንደን ድረስ ሄደው ከሰሱ። በ2013 እንግሊዝ ለ5,228 ሰዎች፣ የጠበቃውን ወጪ ጨምሮ፣ 19.9 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማማች። ሬሳ ነው የከሰሰው?

የሂሳብ ሰው፦ በሕይወት ያለ ተጎጂ፣ ፍርድ ቤት፣ ማስረጃ። እሱን መቼ ተቃወምኩ? እኔን የሚያናድደኝ አገር ለአገር ይክፈል የሚሉት ነገር ነው። አንቺው ንገሪኝ፦ ገንዘቡ ማን ኪስ ነው የሚገባው?

ቀይ ቀለም፦ እዚህ ላይ አልጣላህም። በ2008 የጣልያኑ ቤርሉስኮኒና የሊቢያው ጋዳፊ ስለ ቅኝ ግዛቱ ዘመን ቤንጋዚ ላይ ሲፈራረሙ፣ ጣልያን ለሊቢያ 5 ቢሊዮን ዶላር በ20 ዓመት ተባለ። ግንባታውን የሚሠሩት የጣልያን ኩባንያዎች። ሊቢያ ደግሞ ስደተኛ በባሕር እንዳይሻገር ትጠብቃለች። ካሳ ብለው የዘበኛ ደመወዝ! ጀርመንማ ቃሉንም ፈራች። ከ1904 እስከ 1908 በሄሬሮና በናማ ሕዝቦች ላይ የፈጸመችው የዘር ማጥፋት መሆኑን በ2021 አመነች፤ ለናሚቢያ 1.1 ቢሊዮን ዩሮ በ30 ዓመት አለች፤ «ካሳ» ግን ከአፏ አልወጣም። የሄሬሮና የናማ መሪዎችም ብዙዎቹ፣ እኛ ያልተቀመጥንበት ድርድር አይገዛንም አሉ። እውነታቸውን ነው።

ነባሩ፦ ልጆች፣ እኔም ልጨምር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በተፈረመው በ1947ቱ የፓሪስ የሰላም ውል ጣልያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ተወሰነ። ለዩጎዝላቪያ 125፣ ለግሪክ 105። ደማችን በርካሽ ነው የተተመነው። ቢሆንም ተከፈለ፤ ቆቃ ግድብ የተሠራው በዚያ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ቅኝ ገዢ ከፍሎ አያውቅም አትበሉ። ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ።

ባንዲራዬ፦ ይቅርታ ጋሼ! «ቅኝ ገዢ»?! ኢትዮጵያ ቅኝ አልተገዛችም። የአምስት ዓመት ወረራ ነው። ቃሉን ያንሱልን።

ነባሩ፦ ልጄ፣ ኢትዮጵያ ተገዛች የሚል ከአፌ አልወጣም። ጣልያን ቅኝ ገዢ አልነበረችም ልትለኝ ነው?

ባንዲራዬ፦ አገባቡ ያሳስታል ጋሼ። አርበኞቹ የሞቱት እንዲህ እንዲባል አይደለም።

የሂሳብ ሰው፦ ክርክሩ ሄደ በቃ። ጋሼ፣ በአክብሮት፦ የጠቀሱት የጦር ካሳ ነው። ጣልያን ባትሸነፍ ኖሮ ሳንቲም አትሰጥም ነበር። ተረቱም ደረሰኝ አይሆንም።

ሚዛን፦ እሰይ፣ አመለጠህ! ዕዳ የማይወረሰው ባለዕዳው ጉልበተኛ ሲሆን ነዋ። ደካማ ሲሆንማ ይወረሳል። በ1825 ፈረንሳይ የጦር መርከብ ልካ፣ ነፃነታችሁን የማውቅላችሁ 150 ሚሊዮን ፍራንክ ስትከፍሉ ነው አለቻቸው ለሄይቲዎች። የቀድሞ ባሪያ ለቀድሞ ጌታው! በ1838 ወደ 90 ሚሊዮን ወረደ። ሄይቲ ለዚያ ስትበደር፣ ብድርን በብድር ስትከፍል ኖራ የተላቀቀችው በ1947 ነው። ጋሼ በጠቀሱት በዚያው ዓመት። ከ1825 እስከ 1947 ስንት ትውልድ ወረሰው? የሂሳብ ሰው አይደለህ? አስላልን።

የሂሳብ ሰው፦ የሄይቲው ግፍ ነው። ግፍ ነው ስላልኩ ግን ዛሬ የተወለደ ፈረንሳዊ ባለዕዳ አይሆንም።

ቀይ ቀለም፦ ርስቱን ግን ይውረስ? ሙዚየሙን፣ ወደቡን፣ ባንኩን? ውርስ የተቀበለ ዕዳውንም ይቀበላል። ካልፈለገ ውርሱን ይተው።

የሂሳብ ሰው፦ ወራሽ ከደረሰው ድርሻ በላይ አይጠየቅም።

ሚዛን፦ በድርሻው ልክ ይሁን! ተስማማን?

የሂሳብ ሰው፦ ድርሻውን ማን ይለካዋል?

ሚዛን፦ ስሙን «የሂሳብ ሰው» ያለው።

ባንዲራዬ፦ ጋሼ፣ ቃሉን አሁንም አላነሱትም።