እማዬን የእንግሊዝ ገጠር ላሳያት ነበር፣ መንጃ ፈቃዴ ይሠራል?

የሬዲንጓ ነርስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴና ታናሽ ወንድሜ በነሐሴ ሊጠይቁኝ ይመጣሉ። ቪዛቸው ወጥቷል፣ ተመስገን። ለሦስት ቀን መኪና ተከራይቼ ላዞራቸው አስቤያለሁ። ዊንዘር፣ ስቶንሄንጅ፣ ባዝ፣ ከዚያ በካስል ኩም በኩል ወደ ቤት። የጨነቀኝ መንጃ ፈቃዱ ነው። እዚህ ከገባሁ 14 ወር ሆኖኛል። አዲስ አበባ ስድስት ዓመት ነድቻለሁ፣ ፈቃዴም አልተቃጠለም። የሥራ ጓደኛዬ "እንግሊዝኛ ስላለበት ችግር የለውም" አለችኝ። ወንድሜም መንጃ ፈቃድ አለው። ማን ይንዳ? ለእማዬ ዕድሜስ መንገዱ አይከብድም?

ታክሲ ከብሪስቶል፦
እህቴ፣ አንቺ እንዳትነጂ። ቋንቋው አይደለም ጉዳዩ። እንደኛ አገር ያለ የውጭ ፈቃድ የሚሠራው እዚህ ነዋሪ ከሆንሽበት ቀን ጀምሮ ለ12 ወር ብቻ ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ ፈቃዳቸው በቀጥታ ከሚቀየርላቸው አገሮች ውስጥ የለችም። ፕሮቪዥናል (የለማጅ ፈቃድ) አውጥተሽ፣ የቲዮሪና የመንገድ ፈተና ማለፍ አለብሽ። በ14ኛው ወር ብትነጂ ያለ ፈቃድ እንደነዳሽ ይቆጠራል። ኢንሹራንሱም አይሸፍንሽም። ያለ ኢንሹራንስ መያዝ 300 ፓውንድና ፈቃድ ላይ የሚመዘገብ 6 የቅጣት ነጥብ ያስቀጣል፣ መኪናውንም ሊወስዱት ይችላሉ። በሥራ ቪዛ ላለ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ወንድምሽ ግን ጎብኚ ነው፤ በራሱ ፈቃድ መንዳት ይችላል። አከራዩ የራሱ ደንብ ስላለው በጽሑፍ ጠይቂ። ዕድሜውን ያያሉ፣ ፈቃዱ ከወጣ ስንት ጊዜ እንደሆነው ያያሉ። ለማንኛውም ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ እዚያው አዲስ አበባ አውጥቶ ይምጣ፤ እዚህ አያገኘውም። ገና ከአውሮፕላን እንደወረደ ደግሞ መሪ አታስይዢው። በግራ መንዳት ለመልመድ አንድ ቀን ጸጥ ያለ ሰፈር ይዙር። አደባባይ ላይ ቅድሚያው ከቀኝ ለሚመጣ ነው። ሰሌዳው ሁሉ በማይል ነው። የገጠሩ መንገድ አንዳንድ ቦታ ሁለት መኪና አያሳልፍም፣ ግራና ቀኙ ረጅም አጥር ነው። 60 ይፈቀዳል ተብሎ በዚያ መንገድ 60 አይነዳም። 30 ንዱ፣ የኋላው ጡሩንባ ቢነፋም ይንፋ።

የሰላም እናት፦
እኔ አምና እናቴን በባቡር ነው የወሰድኳት። ከሬዲንግ ባዝ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከባዝ ደግሞ ስቶንሄንጅንና ካስል ኩምን በአንድ ቀን የሚያዞሩ ሚኒባሶች አሉ። ማንም መሪ ሳይዝ አየን።

አንድ ነገር ልምከርሽ፣ ኤቭበሪን አትለፊው። ስቶንሄንጅ ላይ ድንጋዩን ከሩቅ ነው የምታይው፣ ገመድ አለው። ኤቭበሪ ግን መንደሩ ራሱ በድንጋዮቹ መሀል ነው ያለው፣ መዳሰስም ይቻላል፣ ለመግባት አይከፈልም። እናቴ የቡታጅራ ሰው ናት፤ የጢያን ትክል ድንጋዮች ከልጅነቷ ታውቃለች። ነጠላዋን አስተካክላ መዳፏን ድንጋዩ ላይ አሳረፈች። "ይሄማ እኛም ጋ አለ" አለች። ከዚያ በጎቹን አየች። ሜዳው ሙሉ በግ ነው። "እረኛው የታለ?" አለችኝ። እረኛ የለም ብላት አላመነችም። እስክንሄድ ድረስ ዓይኗ እረኛ ይፈልግ ነበር። ከቦርሳዬ ያወጣነውን ቆሎ እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ ብለን በላን። ነሐሴ ፍልሰታ ስለሆነ አንቺም ስንቅ ቋጥሪ። በገጠር ምግብ ቤት የጾም ነገር ፍለጋ ያደክማል።

ከስዊንደን፦
አንብቤ አለቀስኩ። እኔ እናቴን ላመጣ ያጠራቀምኩትን ለቤቷ ጣሪያ ላክሁት። "በሚቀጥለው ዓመት" ተባባልን። አልደረሰችም። እህቴ፣ በባቡርም ሆነ በእግር፣ ብቻ ውሰጃት።

ጋሽ ከሊድስ፦
ልጄ፣ ዊንዘርን ለቤተ መንግሥቱ ብለሽ አትሂጂ። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ የተቀበረው እዚያ ነው። እንግሊዞች ከመቅደላ በ1868 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምለው) ሲወስዱት የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ወደ ባሕሩ ሲጓዙ መንገድ ላይ ሞተችበት። በ18 ዓመቱ እዚሁ እኔ ባለሁበት ሊድስ ዐረፈ፣ በ1879። ዊንዘር ባለው በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ግድግዳ ላይ "እንግዳ ሆኜ ተቀበላችሁኝ" የሚል ሰሌዳ አለ። እሑድ ለጎብኚ ዝግ ነው፣ ለጸሎት የሚገባ ግን አይከለከልም። ባዝ ስትደርሱ ደግሞ ጃንሆይ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩበትን ፌርፊልድ ሃውስን እዩ። በ1958 ለከተማው አረጋውያን የሰጡት ቤት ነው።

የቶተንሃም ልጅ፦
ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ አልስማማም። በ2023 የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ሰዎች አጽሙን መልሱልን ሲባሉ የሌሎችን ዕረፍት ሳናውክ አይቻልም ብለው እንቢ አሉ። ለነሱ ከ30 ፓውንድ በላይ ከፍለን የገዛ ልጃችንን እንጎብኝ? እኔ እግሬን አላነሳም።

ጋሽ ከሊድስ፦
ልጁን ብቻውን ትተን መቅረታችን ማንን ይጎዳል? እኔ በየዓመቱ እሄዳለሁ። የማታ ጸሎት ሲደርስ እገባለሁ፣ አንድ ሳንቲም አልከፍልም። በአማርኛ አናግረዋለሁ።

የቶተንሃም ልጅ፦
የፀጉሩ ዘለላ እኮ በ2023 ተመልሷል። መመለስ ይቻላል ማለት ነው። እኛም ደጁ ላይ ቆመን መጮህ ነው ያለብን።

የሰላም እናት፦
ሁለታችሁም ስለ አንድ ልጅ ነው የምታወሩት። እዚህ ግን የተጠየቀው የመኪና ጉዳይ ነበር።

ጋሽ ከሊድስ፦
መጮሁን አልከለከልኩም። የሚጮኸውም ቢሆን አንድ ቀን ሄዶ ይየው ነው ያልኩት።

የሬዲንጓ ነርስ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ አልነዳም፣ ገባኝ። ወንድሜ ገና 22 ዓመቱ ነው፤ አከራዩን ጠይቄ እስካሁን አልመለሰልኝም። በዚህ ዕድሜ የተከራየ ሰው ካለ ይንገረኝ። ማታ ለእማዬ በስልክ ስለ ዓለማየሁ ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ "ጧፍ ይዤ ልምጣ?" አለችኝ። ጋሼ፣ እዚያ ውስጥ ጧፍ ማብራት ይፈቀዳል?