አስቸኳይ፦ የሻማና የብርጭቆ ሠርቶ ማሳያ እምቢ አለኝ

መምህርቷ፦ እባካችሁ ድረሱልኝ! ነገ ጠዋት ለ7ኛ ክፍል አየር ውስጥ 21 በመቶ ኦክስጅን እንዳለ ላሳይ ነው። ሻማ ሰሃን ላይ አቁሜ፣ ውሃ ጨምሬ፣ ብርጭቆ እደፋበታለሁ። ውሃው የብርጭቆውን አንድ አምስተኛ መሙላት ነበረበት። አንዴ ትንሽ ይወጣል፣ አንዴ ጭራሽ አይነቃነቅም። ምን ላድርግ?

ብሩህ፦ ውሃው ላይ ቀለም ጨምሪበት። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ንጹህ ውሃ አይታየውም።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ ሠርቶ ማሳያ ትርኢት አይደለም። ብርጭቆውን ሳትደፊ በፊት ምን እንደሚሆን ይገምቱ፤ ግምታቸውንም ይጻፉ። ሳይገምት ያየ ልጅ የሚያስታውሰው ነበልባሉን ብቻ ነው። ጸጉርሽን እሰሪ፣ ክብሪቱን ከልጆቹ አርቂ፣ እርጥብ ጨርቅም አጠገብሽ ይኑር።

መምህርቷ፦ እሺ አባቴ፣ አመሰግናለሁ። ግን ውሃው ነው ያስቸገረኝ!

ቀልደኛው፦ ውሃው ፈተና ፈርቶ ይሆናል። ለማንኛውም የብርጭቆው አፍ ከሰሃኑ ጋር ግጥም ካለ ውሃው መግቢያ የለውም። ከሥሩ ሁለት ሳንቲም አድርጊ።

ፊዚክስ ወዳጅ፦ እህቴ፣ ችግሩ ማብራሪያው ላይ ነው። ሻማው የሚጠፋው ኦክስጅኑ ሳያልቅ ነው። ሲነድም ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ እንፋሎት ያወጣል። ውሃውን በዋናነት የሚያስወጣው የሙቀት ለውጥ ነው። የሞቀው አየር ሻማው ሲጠፋ ይቀዘቅዛል፣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ የውጭው አየር ውሃውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ልብ ብለሽ እዪው፤ ውሃው ሽቅብ የሚፈጥነው ሻማው ሊጠፋ ሲል እና ከጠፋ በኋላ ነው። በዚያው ብርጭቆ አንዴ በአንድ፣ አንዴ በሦስት ሻማ ሞክሪ። ኦክስጅኑ ያው ነው፤ በሦስቱ ግን ውሃው ከፍ ይላል። ልጆቹን ማስገመት እዚህ ላይ ነው!

መምህርቷ፦ እኔ ስማር ግን ኦክስጅኑ ስለሚያልቅ ነው የተባልኩት።

ሰናይ፦ ሳንቲም አድርጊበት። ይሠራል።

የላብራቶሪ ሰው፦ 21 በመቶውን ማሳየት ከፈለግሽ ሻማውን ተይው። የዕቃ መፈተጊያ የብረት ሽቦ (የማይዝገው ዓይነት አይሆንም) ኮምጣጤ ውስጥ ነክረሽ አራግፊ። ቴስት ቲዩብ ውስጥ ወትፊውና ቲዩቡን ውሃ ላይ ድፊው። ብረቱ ሲዝግ ኦክስጅኑን ይወስዳል፤ ውሃውም ወደ አንድ አምስተኛ ይጠጋል። ሰዓታት ስለሚፈልግ ዛሬ ማታውኑ ጀምሪ።

መምህርቷ፦ ቴስት ቲዩብ የለኝም። ቀጭን ብርጭቆ ይሆናል?

የላብራቶሪ ሰው፦ ይሆናል። ሽቦውን ግን አብዢው።